ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣው አውሮፕላን

ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ምዕራብ በሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ስዊንደን ላይ የወረደ መንገደኛ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን ሲያቀና ፌርፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ቤቶቿ ማር በሚመስል የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ኮልን የሚሉት ቀጭን ወንዝ በጎኗ ይፈስሳል። መካከሏ ላይ የቆመችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1500ዎቹ መባቻ የተሠሩ 28 ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶች አሏት፤ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ሳይጓደል የተረፈ የዚያ ዘመን የደብር መስታወት ሌላ የለም። መስኮቶቹ ከሔዋን ፈተና ተነሥተው እስከ መጨረሻው ፍርድ ያለውን ታሪክ በሥዕል ያስተምራሉ። መጽሐፍ ለማያነብ ምእመን የተሠሩ ናቸውና በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች ጋር ሥራቸው አንድ ነው። ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ሲሉ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያ ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻ የተሠራ የአየር ኃይል ሰፈር ነው። በ1969 የመጀመሪያው በእንግሊዝ የተገጣጠመ ኮንኮርድ ከፊልተን ተነሥቶ የመጀመሪያ በረራውን የጨረሰው እዚሁ አርፎ ነው። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ከዓለም ታላላቅ የአየር ትርዒቶች አንዱ የሆነው ሮያል ኢንተርናሽናል ኤር ታቱ ሐምሌ ሲጠባ ገደማ የሚካሄደው በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ወደዚህ የሚጎርፈው ሕዝብ አብዛኛው የሚመጣው ለተዋጊ ጄት ነው። ጄቱ ሲያልፍ ምድር ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ካሜራ ያለው ሁሉ ካሜራውን ያነሣል። ቀጥሎ ክንፉ ላይ ፕሮፔለር የተገጠመለት ሰፊ ሆድ ያለው የጭነት አውሮፕላን ተራው ሲደርስ ግን ብዙው ሰው ምግብ ፍለጋ ሰልፍ ይይዛል። በእኔ እምነት ሰው ቦታውን ጥሎ የሚሄደው መቆየት በሚገባው ሰዓት ነው። የአየር ትርዒት ለተራው ተመልካች የሚሰጠው ቁም ነገር፣ ማለትም አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ በዓይን ማሳየቱ፣ በጄቱ ፍጥነት ውስጥ ተሰውሮ ያልፋል። በተርቦፕሮፑ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን በተርባይን ሞተር በሚያዞረው አውሮፕላን፣ ዘገምተኛ በረራ ላይ ግን እንደዚያች ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች አንድ በአንድ ይነበባል። ይህን የምለው ፕሮፔለር ስለሚያሳሳኝ አይደለም። ማስረጃው ከራሱ ከሞተሩ ይጀምራል፤ እኛም አገር ድረስ ይመጣል።

ለምሳሌ ሲ-27ጄ ስፓርታንን እንውሰድ። የጣሊያን አየር ኃይል የበረራ ሙከራ ክፍል ከሮም አጠገብ ካለው ከፕራቲካ ዲ ማሬ እየመጣ ይህን አውሮፕላን በፌርፎርድም በሌላው የእንግሊዝ የአየር ትርዒት ቦታ በፋርንቦሮም ብዙ ጊዜ አሳይቷል። ሲጫን ከ30 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሁለቱ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው ከ4,600 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣሉ። ሲያዩት ደንዳና ነው፤ ጭነት ለመዋጥ የተሠራ መሆኑን ከሆዱ ያስታውቃል። ሆኖም ከመሬት ተነሥቶ ብዙ ሳይርቅ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ በጎኑ ይዞርና ጣሪያው ወደ መሬት ሆዱ ወደ ሰማይ ሆኖ ይገለበጣል፤ ከዚያም ይቃናል። ሲፈልግ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ፍጥነት ያጠራቅምና ሽቅብ ተጎትቶ ሙሉ ቀለበት ይሠራል። ለዓይን የማይታመን ነገር ቢመስልም ምክንያቱን የማሽላ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ያውቀዋል። ልጁ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ድንጋዩ ከራሱ በላይ ባለበት ቅጽበት እንኳ ከማቀፊያው አይወድቅም፤ ገመዱ ወደ መካከል እየሳበው ነውና ከማቀፊያው ላይ ይጫናል። በቀለበቱ አናት ላይ የተገለበጠው አውሮፕላንም እንደዚያ ድንጋይ ነው። አብራሪው ከምንም በላይ የሚጠነቀቀው ይህ ወደ ወለሉ የሚጫን ክብደት እንዳይጠፋ ነው። ክብደቱ እስካለ ድረስ ነዳጁ ከጋኑ ግርጌ፣ ዘይቱ ከቋቱ ግርጌ ንቅንቅ አይልም፤ ሞተሩም መገልበጡን አያውቅም። አውሮፕላኑ የራሱን ክብደት ሦስት እጥፍ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ በጥንቃቄ የተሳበ ቀለበት ከአቅሙ በላይ አይሆንም።

ትርዒቱ ሲያበቃ፣ ወይም ከመጀመሩ በፊት፣ ሜዳው ላይ የቆሙትን አውሮፕላኖች ቀርቦ ማየት ይቻላል። ሄርኩለስ (ሲ-130) ከሚባሉት የጭነት አውሮፕላኖች በአዲሶቹ ላይ ከአንድ ማዕከል የሚወጡት ስድስት ስለቶች እንደ ሾተል የጎበጡ ናቸው። ሥራቸው ላይ ጥቁር ጎማ ለብሰዋል፤ ጎማው ውስጥ የተቀበሩት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በረዶ እንዳይጋገርበት ያሞቁታል። ከፕሮፔለሩ ጀርባ አየር የሚገባበት አፍ ይታያል፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት ጥቀርሻ የለበሰ ቱቦ አለ። በአፉና በቱቦው መካከል ያለው ነገር በመሠረቱ ጄት ሞተር ነው። የቀደሙት ሄርኩለሶች የሚበሩበትን ቲ-56 የተባለውን ሞተር ብንከተል፣ የገባው አየር 14 ረድፍ ጥርስ ባለው ኮምፕረሰር እየተጨመቀ ያልፋል። ይህ የብረት ቀጥቃጭ ወናፍ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ወናፉ ትንፋሽ ሳይወስድ ያለማቋረጥ መንፋቱ ነው። የተጨመቀው አየር ከነጭ ጋዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ከሆነው ነዳጅ ጋር ተገናኝቶ ይነድዳል፤ ተለጥጦ ሲወጣም አራት ረድፍ ተርባይን ያሽከረክራል። ተርባይን ማለት የውሃ ወፍጮ መዘውር ነው፤ በወንዝ ፈንታ እሳት የነካው አየር ይገፋዋል። ከሚገኘው ጉልበት የሚበዛው ወናፉን መልሶ ለማዞር ይውላል። የተረፈው በተራ ጄት ሞተር ውስጥ ቢሆን ኖሮ በጭራው እየተስፈነጠረ ይወጣና አውሮፕላኑን ይገፋ ነበር፤ እዚህ ግን ተርባይኑ ከሞላ ጎደል አሟጥጦ ይይዘውና በዘንግ ወደ ፊት ይልከዋል። በቱቦው የሚወጣው ትኩስ ጭስ የሚሰጠው ግፊት ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

ከዘንጉ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ለእኔ ግን የሞተሩ ልብ እሱ ነው። ካምቢዮው ማለቴ ነው። የቲ-56 ዘንግ በደቂቃ 13,820 ጊዜ ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ ግን 1,020 ጊዜ ብቻ። በመካከል ያሉት ማርሾች ፍጥነቱን ከ13 ጊዜ በላይ ያሳንሱታል፤ የቀነሰው ፍጥነት የመጠምዘዝ ጉልበት ሆኖ ይመለሳል። ፕሮፔለሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.11 ሜትር ነው። በዚህ ዙር የስለቱ ጫፍ በሰከንድ 220 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከድምፅ ፍጥነት በደህና ርቀት ያነሰ ነው። ካምቢዮው ባይኖርና ፕሮፔለሩ በቀጥታ ከዘንጉ ጋር ቢታሰር ኖሮ ያው ጫፍ ከድምፅ ዘጠኝ ጊዜ ገደማ ይፈጥን ነበር። እንዲህ ያለ ስለት አየር መግፋት ይቅርና ራሱን አስሮ መያዝ አይችልም፤ ይበታተናል። ተርባይን ትንሽ ሆኖ መፍጠን ይወዳል፣ ፕሮፔለር ትልቅ ሆኖ ዝግ ማለት ይወዳል፤ ሁለቱን በአንድ ቤት የሚያኖራቸው ይህ በዘይት የተነከረ ሳጥን ነው።

ፕሮፔለሩ ትልቅና ዘገምተኛ መሆን ያለበት ለምንድን ነው? አውሮፕላን ወደ ፊት የሚሄደው አየርን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። ጥቂት አየር በከፍተኛ ፍጥነት መወርወር ይቻላል፤ ብዙ አየር በዝግታ መግፋትም ይቻላል። ሁለቱም እኩል ግፊት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ዋጋቸው ግን እኩል አይደለም። የሚገፋውን አየር እጥፍ አድርገን ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው ግፊቱ ያው ሆኖ ለአየሩ የሚሰጠው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ አውሮፕላን ጄቱ ብዙ ነዳጁን ከኋላው ለሚቀረው አየር እየከፈለ ነው ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ነፋስ በክንፉ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ራሱ ዝግ ቢልም የክንፉ አንድ ክፍል ፈጣን ነፋስ እያገኘ ይሸከመዋል። ከዚህም በላይ የቲ-56 ዘንግ በበረራ ላይ ዙሩን አይለውጥም። አብራሪው ጉልበት ሲፈልግ ነዳጅ ይጨምራል፤ ስለቶቹ በራሳቸው ዘንግ ላይ ዞረው አየሩን አብዝተው ይነክሳሉ፤ ግፊቱም ወዲያው ይመጣል። በዝቅተኛ ጉልበት ላይ የነበረ ጄት ግን እስኪፈጥን ድረስ ሰከንዶች ይወስዳል። ያ ደንዳና አውሮፕላን በትርዒቱ ሜዳ ላይ ጠበብ አድርጎ ሲዞር፣ ሊወድቅ ነው ሲባል ተስፈንጥሮ ሲወጣ የሚታየው ይኸው ነው። ጆሮም የራሱን ይማራል። አራት ስለት በሰከንድ 17 ጊዜ ሲዞር አየሩን 68 ጊዜ ይመታል፤ ስድስት ስለት 102 ጊዜ። ይህ እንደ በገና ደረት ውስጥ የሚገባ ዝቅ ያለ ንዝረት ነው፤ የድሮውን ሄርኩለስ ከአዲሱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ ሰው የሚለየው በዚህ ነው።

ፕሮፔለር የድሮ ነገር ነው፣ ዘመኑ አልፎበታል የሚል ሰው አይጠፋም። ለዓይን እውነት ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ተርቦፕሮፕ የጄት አባት ሳይሆን እኩያው ነው። ሃንጋሪያዊው ጆርጅ ዬንድራሺክ የመጀመሪያውን ተርቦፕሮፕ ያስነሣው በ1940 ነው፤ በሰማይ ላይ ደግሞ ሮልስ ሮይስ በግሎስተር ሜትየር ላይ ሰክቶ በመስከረም 1945 አበረረው። ሜትየር ቀድሞ ጄት የነበረ አውሮፕላን ነው፤ የጄቱ ሞተር ፊት ላይ ካምቢዮና ፕሮፔለር ተጨመረለት። መንገደኛ በክፍያ ያጓጓዘ የመጀመሪያው የተርባይን አውሮፕላንም ጄት አልነበረም። በሐምሌ 1950 ከለንደን ኖርዞልት ተነሥቶ ፓሪስ ለ ቡርዤ ያረፈው ቪከርስ ቫይካውንት ባለ ተርቦፕሮፕ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በካናዳ የሚሠራው ፒቲ-6 ሞተር ከ50 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ ዛሬም እየተሠራ ነው። የስዊስ አየር ኃይል ዘጠኝ አውሮፕላኖች አሰልፎ ትርዒት የሚያሳየው የፒሲ-7 ቡድንም፣ ሰማይ ላይ ጭስ እየሳለ የሚያልፈው የብራዚሉ ቡድንም የሚበሩት በዚሁ ሞተር ነው። ከተቃውሞው የምቀበለው ድርሻ አለ። አውሮፕላኑ ሲፈጥን የስለቱ ጫፍ የራሱን ዙርና የአውሮፕላኑን ጉዞ ደርቦ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ እየባሰ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል። በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚበርና ውቅያኖስ ለሚሻገር ጄቱ ይሻላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ለአጭር መንገድና ለአጭር ማኮብኮቢያ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የጭነት አውሮፕላን ክብ መሥራቱ ዓይን ለመሳብ ነው እንጂ ከሥራው ጋር ምን ያገናኘዋል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ከፊሉ ልክ ነው። በ2018 ፋርንቦሮ ላይ የሎክሂድ ማርቲኑ ኤልኤም-100ጄ፣ የሄርኩለስ የሲቪል ዘር፣ አራት ሞተሩን ይዞ ሙሉ ቀለበት ሲሠራ ተመልካቹ አፉን ይዞ ቀርቷል። ማንም ሥራ ላይ ያለ አብራሪ ጭነት ይዞ እንዲህ አያደርግም፤ ፋርንቦሮም ገበያ ነው፣ የሚታየው ለሚገዛ ነው። የምለው ግን ከቀለበቱ በኋላ ያለውን ጠብቁ ነው። አውሮፕላኑ ከተለመደው እጅግ በበዛ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማኮብኮቢያው አፍ ላይ ጎማውን ያሳርፋል፣ ስለቶቹ ወዲያው ዞረው አየሩን ወደ ፊት መግፋት ይጀምራሉ፤ በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ይቆማል። ከዚያም በራሱ ጉልበት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲ-17ን የመሰሉ ትልልቅ ጄቶችም ወደ ኋላ መሄድ ይችላሉ፤ ተርቦፕሮፑ ግን ይህን የሚያደርገው ጠጠርና አቧራ ላይ፣ ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም በማይሻል ጥርጊያ ላይ ነው። ከፌርፎርድ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመኪና ግማሽ ሰዓት ግድም ቢሄዱ ላይነም የሚባል ሌላ ሰፈር ነበር፤ እስከ 2011 ድረስ የእንግሊዝ ሄርኩለሶች ቤት የነበረ። በ1977ቱ ረሃባችን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ታኅሣሥ 1985፣ ኦፕሬሽን ቡሼል በተባለው ዘመቻ እህል ያመላለሱት ሄርኩለሶች ከዚያ የመጡ ናቸው። የጀርመን ትራንሳሎችም አብረዋቸው ነበሩ፤ እነሱም ባለ ተርቦፕሮፕ ናቸው። ማኮብኮቢያ ባለበት በጥርጊያ ሜዳ አረፉ፤ መንገድም ሜዳም በሌለበት ደጋ ላይ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ በኋላ በራቸው የእህል ጆንያ ጣሉ። ጆንያው እንዳይፈነዳ ደራርበው ከረጢት ያለብሱት ነበር። በዝግታ፣ በዝቅታ፣ ተራራ መካከል መዞርና ጉልበት በተፈለገበት ቅጽበት ማግኘት ያኔ ለካሜራ የሚታይ ነገር አልነበረም። በፌርፎርድ ሰማይ ላይ በበዓል ልብስ የሚታየው ችሎታ እኛ ዘንድ በሥራ ልብሱ መጥቶ ነበር።

ሌላ ምስክር ልጨምር፤ ይህኛው ለጄቱም የሚገባውን ይሰጠዋል። በግንቦት 1983፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ኦፕሬሽን ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲያጓጉዝ ሄርኩለሶችም ተሰልፈው ነበር፤ ብዙውን ሸክም የተሸከሙት ግን ጄቶች ናቸው። አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን በአንድ በረራ ከ1,000 ሰው በላይ አጓጉዟል። ይህ የሆነው ቦሌ ረጅምና ጠንካራ ማኮብኮቢያ ስላላት ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985፣ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ሲወጡ ግን ከገዳሪፍ አጠገብ የነበረው የበረሃ ጥርጊያ ብቻ ነበር። እዚያ ያረፉት የአሜሪካ ሲ-130ዎች ናቸው፤ 747 በዚያ ቦታ ከንቱ ነበር። ጎንደርና አርማጭሆን ለቀው በእግራቸው ሱዳን ለደረሱት ሰዎች አውሮፕላን ማለት በአቧራ ውስጥ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ነው። ዛሬ በአሽዶድና በነታንያ የሚኖሩ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ያ አውሮፕላን ለምን እዚያ ማረፍ እንደቻለ ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ማሽኑን ጻድቅ እያደረግሁት አይደለም። በዚያው በረሃቡ ዓመት በ1977 ዓ.ም. አንቶኖቭ-12 የተባሉት የሶቪየት ባለ ተርቦፕሮፕ አውሮፕላኖች ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሰፋሪዎችን አመላልሰዋል፤ ብዙዎቹ ወደው ያልሄዱ፣ ከቤተሰባቸው የተለያዩ ነበሩ። እህል የጣለውና ሰው ያፈናቀለው የአንድ ዓይነት ሞተር ዘመዳሞች ናቸው። ትርዒት ላይ የሚታዩት አብዛኞቹም የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። የጦር መሣሪያ ማሞገሻ ነው ብሎ የአየር ትርዒትን የሚነቅፍ ሰው ሐሰት አልተናገረም። እኔን ከእሱ የሚለየኝ መፍትሔው ላይ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ከመሄድ ይልቅ የሚታየውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይሻላል እላለሁ። ማሽን ምን ማድረግ እንደሚችል የማያውቅ ሕዝብ፣ ባለሥልጣን ማሽኑን ለምን እንደሚያውለው መጠየቅም አይችልም።

አደጋውስ? ይህ ተቃውሞ በሰው ሕይወት የተጻፈ ስለሆነ ቀስ ብሎ መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 ፋርንቦሮ ላይ ጆን ዴሪ የሚያበረው ዲኤች-110 በአየር ላይ ተበታትኖ ሞተሩ ተመልካች ላይ ወደቀ፤ ዴሪና አብሮት የነበረው ቶኒ ሪቻርድስ ሞቱ፣ ከተመልካቹ 29 ሰው አለቀ። በ1988 ጀርመን ራምሽታይን ላይ የጣሊያን የትርዒት ቡድን ሦስት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 70 ሰው ሞተ። በ2002 ዩክሬን ልቪቭ አጠገብ ሱ-27 ተዋጊ ሕዝብ መካከል ወድቆ 77 ሰው ገደለ። በ2015 እንግሊዝ ሾርሃም ላይ ሃንተር የተባለ አሮጌ ጄት ከቀለበቱ መውጣት አቅቶት አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ፤ የሞቱት 11 ሰዎች መንገድ ላይ የነበሩ ናቸው። ምርመራው እንዳረጋገጠው ወደ ቀለበቱ ሲገባ ፍጥነቱ፣ አናት ላይ ሲደርስ ከፍታው ከሚገባው በታች ነበር። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ሕጉ ጠብቋል፤ በሕዝብ ላይ መብረር፣ አፍንጫን ወደ ሕዝብ አዙሮ ጠንካራ እንቅስቃሴ ማድረግ ተከልክሏል፣ ተመልካቹ የሚቆምበት መስመር ርቋል። ከአራቱ አራቱም ጄት መሆናቸው ለክርክሬ የሚመች ይመስላል፤ ግን ብቻውን ማስረጃ ይሆናል አልልም። በ1984 እዚያው ፋርንቦሮ ላይ ባፋሎ የተባለ የካናዳ ተርቦፕሮፕ በአጭር ሜዳ ማረፍን ሲያሳይ በኃይል መሬት ላይ ተጥሎ ክንፎቹ ተሰብረዋል፤ ውስጡ የነበሩት በሕይወት ወጡ። እንግዲህ ዝግታም ስሕተትን አይከለክልም። ልዩነቱን የሚያመጣው ሒሳቡ ነው፤ የግጭት ጉልበት ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር 30 ቶን አውሮፕላን የሚሸከመው ጉልበት፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር 15 ቶን ተዋጊ ከሚሸከመው አንድ ስምንተኛው ነው። ምርጫው በእጄ ቢሆን ትርዒት አዘጋጆች ለዘገምተኛው በረራ የበለጠ ሰዓት ይስጡ፣ በድምፅ ማጉያው ላይ የሚናገረው ሰውም የአብራሪውን ማዕረግ ከመዘርዘር ይልቅ ስለቱና ካምቢዮው ምን እየሠሩ እንደሆነ ይንገረን እል ነበር።

ይህ ሁሉ ፌርፎርድ ድረስ ሳይሄዱም ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮቹ ላይ የሚያበረው ቦምባርዲየር ኪው-400 ሁለት ፒደብልዩ-150 ሞተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ5,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው፣ ፕሮፔለሩም እንደ ሄርኩለሱ 4.11 ሜትር ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው ይቀንሳል፣ ክንፍ የሚደገፍበት ይቀንሳል፣ ፕሮፔለር የሚነክሰው ይቀንሳል። መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው ያስባሉ፤ የሞተሩ ውስጠኛ ክፍል ካምቢዮው እንዲሸከም ከተፈቀደለት በላይ ማመንጨት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ዝቅ ባለ ቦታ ያ ትርፍ ተቆጥቦ ይቀመጣል፤ ደጋ ላይ ሲወጣ ከፍታው የነጠቀውን በከፊል ይተካል። ስለቶቹም በሳሳው አየር ውስጥ አጋድለው በጥልቀት ይነክሳሉ። ወደ ላሊበላ፣ ወደ አክሱም፣ ወደ ጎንደር በየቀኑ የሚደረገው በረራ በእነዚህ ጥቃቅን ማስተካከያዎች ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከቦሌ ወደ ላሊበላ ስትሳፈሩ በፕሮፔለሩ ትይዩ ያለውን የመስኮት ወንበር ጠይቁ። ሲነሣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል፤ የምትሰሙት በሰከንድ 102 ምት ያለውን ያን የበገና ድምፅ ነው። ጥቂት እንደወጣችሁ አብራሪው ዙሩን ወደ 900 ይቀንሰዋል፣ ከፍታው ላይ ሲደላደል ወደ 850፤ ድምፁም እየወፈረ ወደ 85 ምት ይወርዳል። አውሮፕላኑ እየፈጠነ ሲሄድ የስለቱ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት እንዲርቅ የሚደረግ ነው። ካረፋችሁ በኋላም ለመውረድ አትቸኩሉ። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ስድስቱም ስለቶች በየሥራቸው ይዞሩና ስለታቸውን ወደ ፊት አድርገው ይቆማሉ።